ለተዝካር የተጠመቀው ዘር

ለእናቱ ተዝካር ያወጣን ሰው «ተሳስተሃል» ማለት ይከብዳል። እኔ ግን ዛሬ እላለሁ። የምናገረውም ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው፤ ወንዳወቅ ጎረቤቴ ነው፣ አጥራችን አንድ ነው።

መንደራችን ከቡሬ ወጣ ብላ ወደ አዊ በሚወስደው መንገድ ዳር ነች። የወንዳወቅ እናት እማማ ንግሥቴ አገው ነበሩ፤ ለትዳር መጥተው እዚሁ አረጁ። ከጓሯቸው ባለችው ጠባብ መሬት በየዓመቱ ጠቆር ያለ፣ አጠር ያለ ዳጉሳ ይዘራሉ። አፈራችን ኮምጣጣ ነው፣ ብርዱም አይጣል ነው፤ ያ ዳጉሳ ግን ያለ ማዳበሪያ ይበቅል ነበር። እማማ ሲዳሩ ከእናታቸው ቤት ይዘውት የመጡት ነው። ሲዘሩም ሲያጭዱም በአገውኛ ያንጎራጉሩለታል። ከምርቱ ምርጥ ምርጡን ጓዳ ባለችው ትንሽ ጎታ ይከቱና አፏን በእበት ይመርጓታል። ያቺ ጎታ የዘር ነች፤ ክፉ ቀን ቢመጣም አትነካም።

ወንዳወቅ ግን በሁለቱም ያፍር ነበር፤ በዳጉሳውም በቋንቋውም። እማማ የልጅ ልጃቸውን ንጋትን በአገውኛ ሲያጫውቷት ከሰማ፣ «እናቴ፣ ተይ እንጂ፤ ልጅቱን ትምህርት ቤት መሳቂያ ታደርጊያታለሽ» ይላቸዋል። እሳቸውም ቀስ በቀስ ተዉት። በዚያ ቤት አገውኛ የሚሰማው እማማ ብቻቸውን ጓሮ ሲያንጎራጉሩ ሆነ።

የግብርና ባለሙያው መልካሙም በዚያው ሰሞን ገበሬውን ሰብስቦ፣ «መሬቱ ሁሉ ኩታ ገጠም ይሁን፤ ከዳር እስከ ዳር ምርጥ ዘር በቆሎ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላይ የታዘዘውን ነው የተናገረው። እውነት ለመናገር በቆሎው ማዳበሪያ ባገኘበት ዓመት ጎተራ ሞልቷል። ሰዉም ነባሩን ዘር እየጣለ ወደ በቆሎ ዞረ። የቀረችው የእማማ ጓሮ ብቻ ነበረች።

እማማ ንግሥቴ በታኅሣሥ አረፉ። ተዝካሩ ከጥምቀት በኋላ እንዲወጣ ተቆረጠ። ወንዳወቅ በደግነቱ አይታማም፤ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «የእናቱን ተዝካር አሳነሰ» መባልን። የጠላ እህል ሲያንሰው ጓዳ ገብቶ የጎታዋን አፍ ሰበረ።

ሚስቱ ያይኔአበባ እጁን ያዘችው።

«ኧረ ተው፣ ይሄ የዘር ነው። እናትህ በችግር ቀን እንኳ አልነኩትም።»

«ከእናቴ በላይ ለማን ልሰስተው ነው?»

«እሳቸው ራሳቸው ቢሰሙ አይወዱትም። ትንሽ እንኳ አስቀር።»

«ለእንግዳው ጠላ አለቀ እየተባለ እኔ ጓዳዬ እህል ልደብቅ? ዘር እንደሆነ ከቡሬ በከረጢት ይመጣል፤ ያውም የተሻለው። ይልቅ ልቀቂኝ።»

ግማሹ ለብቅል ተነከረ፣ ግማሹ ተፈጨ። ጎታዋ ተለቅልቃ የበቆሎ ሆነች። ተዝካሩ ደመቀ፤ ካህናቱ ጸለዩ፣ አገር በላ፣ አገር ጠጣ። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ተባለለት። ጓሮዋም ከኩታ ገጠሙ ተቀላቀለች።

በዚያው ዓመት መንገድ ተዘጋና ማዳበሪያው ቀረ። «ይመጣል፣ ይመጣል» ሲባል ግንቦት አለፈ። በቆሎው እንዲሁ ተዘራ፤ ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ፣ የተረፈውንም ተምች ጨረሰው። የመንደሩ ማሳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበርና አንድ ላይ ሄደ።

ወንዳወቅ ያኔ የእናቱ ዳጉሳ ትዝ አለው። ዘሩን ፍለጋ ወደ እናቱ ዘመዶች ወደ አዊ ተሻገረ። የዳጉሳው ማሳ ለከሰል የሚሸጥ ዛፍ ተተክሎበት ጠበቀው። አማርኛ የማይሰሙ አሮጊት አክስቱ ግን እጁን ይዘው፣ ወደ ተራራው እያመለከቱ በአገውኛ ብዙ ነገር ነገሩት፤ አንዱም አልገባውም። ምናልባት ዘሩ ያለበትን ሰፈር እየጠቆሙት ይሆናል፤ ምናልባትም ስለ እህታቸው እያለቀሱ ይሆናል። የእናቱን ቋንቋ «አስተርጉሙልኝ» ማለት አፈረና ባዶ እጁን ተመለሰ። ጅጋ ገበያ ያገኘው ዳጉሳ የቆላ ነበር። ዘራው፤ ሳያፈራ ውርጭ መታው።

መኸር ሲገባ ቤቱ ባዶ ነበር። በሬዎቹ ተሸጡ። ንጋት ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ቡሬ ሰው ቤት ተቀጠረች። እናቷ እስከ አስፋልቱ ስትሸኛት አየሁ፤ ልጅቷ ደብተሮቿን ሳይቀር ይዛ ነበር ባጃጁ ላይ የወጣችው። አንጀቴን በላችው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ነባር ዘር የምትሰበስብ ምሕረት የምትባል የመንግሥት ባለሙያ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። መልካሙ ወደ ወንዳወቅ ቤት ይዟት ሄደ።

«ጥቁር ዳጉሳ እርስዎ ቤት አለ ብለውኝ ነው» አለች።

«ነበር፣ እህቴ።»

«በምን ስም ነበር የምትጠሩት? በስሙ ሌላ ሰፈር ልጠይቅ።»

«በአገውኛ የምትጠራው እናቴ ነበረች። እኔ ተይ እያልኳት ስሙን አልያዝኩትም» አለ ወንዳወቅ፤ ፊቱንም በጋቢው ሸፈነ።

መልካሙ አንገቱን ደፋ። «የእኔም እጅ አለበት፣ ጋሼ። ሁሉም በቆሎ ይሁን ስል፣ ለነባሩ አንዲት ጥግ ተዉ ማለት ይገባኝ ነበር።»

«የእኛም መሥሪያ ቤት ጥፋት ነው» አለች ምሕረት። «እናትዎ በሕይወት ሳሉ መምጣት ነበረብን።»

ሦስቱም አመኑ፤ እግዜር ይስጣቸው። ማመን ግን ማሳ ላይ አይዘራም፣ ንጋትንም ከሰው ቤት አልመለሳት።

ወገኖቼ፣ የመንግሥት ሥራ ምርጥ ዘር ማምጣት ብቻ አይደለም። ነባሩ ዘር ከየጎታው ሳይጠፋ መሰብሰብ፣ ለሚያቆየው ገበሬ መሬቱን መተው፣ ልጆች በአያቶቻቸው ቋንቋ ሳያፍሩ እንዲማሩ ማድረግም ሥራው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። የእኛ ድርሻ ደግሞ በየቤታችን ነው፤ መንግሥት ጓዳችን ገብቶ ጎታ አይጠብቅልንም። ዘሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲናገሩም «ተዉ» የምንለው እኛው ነን።

ወንዳወቅ ዛሬ ተዝካር በተቆረጠበት ቤት ሁሉ፣ ጠላው ሳይጠነሰስ ቀድሞ ይደርሳል። «የዘሩ የቱ ነው?» ይላል፤ ለይተው ካላስቀመጡ ከበር አይነሣም። አንዳንዱ ይሰለቸዋል። ባለፈው የክንፈሚካኤል አባት ተዝካር ሲደገስ፣ አንዱ ጎልማሳ ሊያሾፍበት ብሎ፣ «የሰው ጎታ ስትጠብቅ ትውላለህ፤ የአንተ ዘር የታለ?» አለው።

ወንዳወቅ አልተቆጣም።

«የእኔንማ ጠጥታችሁታል» አለው።