የማኅቶተ ልብ ሁለት ቁልፎች

በዘሜራ መንግሥት ክፉው ምልክት የታየው በጠራ ማለዳ ነው። ሰማይ አልደማም፤ ምድርም አልተንቀጠቀጠችም። የቤተ አእምሮ ትምህርት ቤት ሦስት መቶ ሠላሳ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ገልጠው አንዲት ቃል ማንበብ አቃታቸው፤ ያ ብቻ ነው። ስምንት ዓመት የተማረ ጎረምሳ በገዛ እጁ ወንበሩ ላይ የቀረጸውን ስሙን እየዳበሰ «ይህን ደግሞ ማን ጫረው?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ የሚቀልድ መስሎት ሊቆጣው ሲነሣ የልጁን ዓይን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

ማኅቶተ ልብ ተሰርቃ ነበር። ይህች መብራት ንግሥት አፍኒን ትምህርት ቤቱን ስትመሠርት ያበራቻት ናት። ትምህርቱን ለጨረሰ ሰው አታስፈልገውም፤ ገና ለሚማር ልጅ ግን የተማረው በልቡ የሚቆየው እሷ እስከበራች ድረስ ነው። ከጠፋችበት ቀን አንሥቶ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ካልተመለሰች የተረሳው ሁሉ እንደተረሳ ይቀራል።

ንግሥቲቱ የመብራቷን ክፍል በሁለት ቁልፍ ዘግታ ሥርዓት አቁማ ነበር። አንዱ ቁልፍ ቤቱን በበላይነት በሚጠብቁት በሰባቱ ባላደራዎች ሰብሳቢ እጅ ይሆናል፤ ሌላው ትምህርት ቤቱን በየዕለቱ በሚያስተዳድረው መጋቢ እጅ። «ባላደራ ዓይን ነው፤ መጋቢ እጅ ነው። ሁለቱ አብረው ካልቆሙ በሩ አይከፈት» ብላለች። ያን ማለዳ ግን ሁለቱም መቆለፊያዎች አንድ ጭረት ሳይኖርባቸው እንደተቆለፉ፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

የባላደራዎቹ ሰብሳቢ እመት ሠርጓለም ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። መጋቢዋ ኅሪት ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በቤቱ ታሪክ እንደሷ በወጣትነት የተሾመ የለም። ከተሾመች ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት ሁለቱ በደህና ተነጋግረው አያውቁም። ባላደራዎቹ እሷን እያለፉ መምህራኑን በየግላቸው ያዝዛሉ፤ እሷ ደግሞ በምታቀርብላቸው ዘገባ የሠመረውን ብቻ ጽፋ ያልሠመረውን ትውጣለች። እነሱ ትደብቃለች ይላሉ፤ እሷ ይሰልሉኛል ትላለች። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ጉባኤው በአስቸኳይ ተሰበሰበ።

«መጋቢ ኅሪት፣ በንግሥት አፍኒን ስም እንጠይቅሻለን» አሉ እመት ሠርጓለም። «ቁልፍሽ የት ነበር?»

«ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም፣ እመቤቴ። የእርስዎስ?»

ባላደራ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም።

ያን ጊዜ የቤቱ በቅሎ ነጂ ዘርጋው ሳይጠራ ገባ። ጎህ ሲቀድ በቅሎዎቹን ውኃ ሊያጠጣ ወርዶ ሳለ ወርዘል ወደ ሰልጎ ገደል ሲበር አይቷል፤ በጥፍሮቹም መካከል ብርሃን ነበር። ወርዘል ከሰው ጥርጣሬ በቀር ምግብ የሌለው አውሬ ነው። ዘርጋው ከፍርሃቱ የተነሣ ይህን ሲናገር ቆቡን ማውለቅ ረስቶ ነበር።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ኅሪት ተነሥታ።

«ብቻዋን? መብራቷን ይዛ ብትኮበልልስ?» አለ አንዱ ባላደራ።

«እንግዲያውስ እኔ እሄዳለሁ» አሉ እመት ሠርጓለም።

«እርስዎ ብቻዎን ከሄዱ፣ ምን እንደተገኘና ምን እንዳልተገኘ ለልጆቹ ማን ይመሰክራል?» አለች ኅሪት።

ስለዚህ ሁለቱም ሄዱ። በበሩ ላይ ቆመው «መብራቷን ሳልይዝ ብመለስ የዘሜራ ምድር አትቀበለኝ» ብለው ማሉ። ሲምሉ እንኳ አንዷ የሌላዋን ከንፈር ትከታተል ነበር፤ ቃል እንዳታጎድል።

ሰልጎ የአራት ቀን መንገድ ነው፤ ዘርጋው በቅሎዎቹን እየነዳ መንገድ መራቸው። ሁለቱ ሴቶች አራቱንም ቀን ተራርቀው ተጓዙ፤ ዘርጋው መካከል ላይ ሆኖ ወሬ ለመፍጠር ሲሞክር ከወዲህም ከወዲያም «እም» ከሚል ድምፅ በቀር አላገኘም። በሦስተኛው ቀን ከሸምበል ወንዝ ደረሱ። በቅሎ በዋና ይሻገራል፤ ድልድዩ ግን ሰው በተራ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ የሚያልፍበት ነው፤ ገመዱን ከወንዙ ዳር የቆመው ይይዛል።

«ገመዴን ዘርጋው ይያዝልኝ» አለች ኅሪት።

«የእኔንም» አሉ እመት ሠርጓለም።

«እኔንስ ማን ሊይዘኝ ነው?» አለ ዘርጋው። እሱ ያለ ገመድ ተሻገረ፤ ሦስተኛው ጣውላ ሲሰበርበት አንድ እግሩ ወንዙ ላይ ተንጠለጠለ፤ ወጥቶም እስከ ማታ ሁለቱንም አኮረፋቸው። ደግ አደረገ።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ከገደሉ ዋሻ ደረሱ። ዘርጋው ከበቅሎዎቹ ጋር ቀረ። ወርዘል ግዙፍ ክንፎቹን አጥፎ ከዋሻው አፍ ተቀምጧል። ኅሪት ፊቱን ስታይ የእመት ሠርጓለም ፊት ነበር። እመት ሠርጓለም ሲያዩት የኅሪት ፊት ነበር።

«አውቄ ነበር!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ኅሪት ይዛው የመጣችውን ጦር ወረወረች፤ ጦሩ አውሬውን ሲነካ አውሬው ይበልጥ ፋፋ።

«እኔ ሌባ አይደለሁም» አለ ወርዘል። «በሩን ሁለት ሰው አብሮ እስከከፈተው ድረስ ደጃፉን አልረግጥም ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ከፈተው፤ የንግሥቲቱ ቃል ፈረሰ፤ ገባሁ። ከሁለታችሁ ማን ነበረች? ንገሪያት እስቲ!»

ኅሪት አሰበች። ብትናገር ሹመቷ አበቃ፤ ብትደብቅ ሦስት መቶ ሠላሳ ልጆች ስማቸውን ሳያነቡ ያድጋሉ። ያ ስሙን የሚዳብሰው ጎረምሳ ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት።

«እኔ ነኝ» አለች። «የእርስዎን ቁልፍ በሰም አትሜ አስቀርጫለሁ፣ እመቤቴ። የመብራቷን ዘይት አሳንሰው እኔን ሊከሱኝ ነው ብዬ ብቻዬን እየገባሁ አየው ነበር።»

ወርዘል አነሰ። እመት ሠርጓለም ግን መሬት መሬቱን እያዩ ቆሙ። ኅሪት፣ ሴትዮዋ አሁን ይደሰታሉ ብላ ጠበቀች።

«እኔም የአንቺን አስቀርጫለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ከአንቺ አስቀድሜ፤ በተሾምሽ ዕለት፣ ቁልፉን ገና ሳላስረክብሽ።»

የአውሬው ፊት እንደ ረጠበ ጭቃ ፈረሰ። ፊትም ድምፅም የሌለው ትንሽ ነገር ሆኖ ወደ ዋሻው ጥልቅ ተሳበ። ማኅቶተ ልብ መሬት ላይ ቀረች፤ ነገር ግን ብርጭቆዋ ደቅቆ፣ ነበልባሏ ብቻ ነበር የቀረው። ያንን ነበልባል በእጅ የሚሸከም ሰው ቆዳው አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው የተማረው ትምህርት ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«እኔ ልያዘው፤ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ» አሉ እመት ሠርጓለም።

ኅሪት ከልማዷ የተነሣ ክብሩን ለራሳቸው ፈልገው ይሆን ብላ ጠረጠረች። ወዲያው በራሷ አፈረች።

«የመጋቢ ሥራ ነው» አለችና ነበልባሉን በሁለት መዳፏ አፈሰችው።

በመልሱ መንገድ መጀመሪያ የከዋክብት ስሌት ጠፋት። ቀጥሎ ሕጉ፣ ቀጥሎ በልጅነቷ ያጠናችው ቅኔ። እመት ሠርጓለም ከፊቷ እየቀደሙ ድንጋዩን ከመንገዷ ያነሡላት ነበር። በሸምበል ድልድይ ገመዷን እሳቸው ያዙ። በዘጠነኛው ቀን ከቤተ አእምሮ በር ሲደርሱ ኅሪት ቀና ብላ ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን ይላል?» አለች።

እመት ሠርጓለም ነገሯት፤ እንባቸውንም አልደበቁም።

ነበልባሉ ከማኖሪያው ሲቀመጥ በየክፍሉ ልጆች ጮኸው ማንበብ ጀመሩ፤ ያገኙትን ሁሉ፣ የግድግዳውን ማስታወቂያ ሳይቀር። ኅሪት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ሰማቻቸው። አንዲት ቃል መለየት የማትችልበት ደብተር አጠገቧ ወድቆ ነበር። አነሣችና አቧራውን ጠርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ኅሪት ቁልፉን ማስቀረጿን ለጉባኤው ራሷ ተናገረች። የእመት ሠርጓለምን ግን አላነሣችም። ስድስቱ ባላደራዎች ተመካክረው ውሳኔ አጻፉና እንድትፈርም ፊቷ አኖሩት። ወረቀቱን ገልብጣ አየችው፤ ከዚያ ለእመት ሠርጓለም ዘረጋችላቸው።

«እርስዎ ያንብቡልኝ።»

እመት ሠርጓለም ቆመው አነበቡ፤ «መጋቢ ኅሪት ማኅቶተ ልብን ስለመለሰች ጉባኤው ያመሰግናታል። የባላደራውን ቁልፍ በስውር በማስቀረጿ ግን ከሹመቷ ተነሥታለች።» ድምፃቸውን ሳይለውጡ ቀጠሉ፤ «የጉባኤው ሰብሳቢ ሠርጓለምም የመጋቢዋን ቁልፍ በስውር ስላስቀረጹ፣ ያውም አስቀድመው፣ ከዛሬ ጀምሮ ከባላደራነት ተሰናብተዋል።»

ኅሪት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ጸሐፊው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እመቤቴ፣ የመጨረሻው እኮ አልተጻፈበትም!»

«እንግዲያው ጻፈው» አሉ።

ከአዳራሹ አብረው ወጡ። ከጀማሪዎቹ ክፍል ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ እመት ሠርጓለም ተቀምጠው የፊደል ገበታ ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ኅሪት ግን እጇን አጣምራ ቆመች።

«በትክክል እንደሚያስተምሩኝ በምን አውቃለሁ?» አለች።

«አታውቂም» አሉ እመት ሠርጓለም። «ከፈለግሽ ተጠራጠሪኝ፤ ብቻ ቁጭ በይ።»

ኅሪት ተቀመጠች።