ቸርኬው ሳይመታ

ጂንካን ያላየ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ሲባል አጥርና በር ያለው ቦታ ይመስለዋል። የጂንካው ግን ሣር ሜዳ ነው፤ ያውም ከከተማው እምብርት ላይ። ወዲህ ሱቁና መሥሪያ ቤቱ፣ ወዲያ መኖሪያ ቤቱና ወደ አሪ መንደሮች የሚወጣው መንገድ፣ መካከል ላይ ሜዳው። ከብት ይግጥበታል፣ ተማሪ ኳስ ይጫወትበታል፣ ገበያተኛ ሸክሙን እንዳዘለ ያቋርጠዋል። አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ታዲያ ዘበኛው ጋሼ ሙሴ ከጎጆአቸው ደጅ፣ ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የአሮጌ ከባድ መኪና ቸርኬ በብረት ይቀጠቅጡታል። ያን ጊዜ እረኛው ከብቱን እየነዳ፣ እናት ልጇን እየጎተተች ይወጣሉ፤ ሜዳው ጭር ይላል። «ቸርኬው ካልተመታ ሜዳው የኛ ነው» ይላል የአገሩ ሰው። ማንም በወረቀት አላሰፈረውም፤ ግን በወረቀት ከሰፈሩት ከብዙዎቹ ይልቅ የሚከበር ሕግ ነበር።

ይህን ሕግ ያፈረሰው እረኛ አይደለም፤ ገበያተኛም አይደለም። ያፈረሱት በዓል አድማቂዎቹ ናቸው። ነገሩን በለሰለሰ አንደበት መተረክ ይቻል ይሆናል። ግን ምኑ ይለሰልሳል?

ውባየሁ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። የክትባቱን ሣጥን በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ላይ አስሮ አልዱባ ይወርዳል፤ ሲያሻው ኮልቾ ድረስ ይዘልቃል። የቆላው ሰው «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም መጠሪያውን አይጠላውም። በአሸዋ ላይ መንዳት ለእሱ እንደ መራመድ ነው። ስለዚህ የዚያ ዓመት የአብዮት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ «በሜዳው ላይ የሞተር እሽቅድምድም ይካሄዳል» ብሎ ሲያስነግር፣ ስሙን ለማስመዝገብ የቀደመው አልነበረም። እሽቅድምድም ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በከተማው ያየ ሰው ቢፈለግም አይገኝም።

ዝግጅቱ ሶርሳ ጋራዥ ተጀመረ። ጋራዥ መባሉ ነው እንጂ ከማንጎ ዛፍ ሥር የተወጠረ ሸራ ነው። ሶርሳ እጁ የሰላ፣ ምላሱ ከእጁ የባሰ መካኒክ ነበር። ካንዴላውን ፈትቶ በቤንዚን አጠበ፤ ካርቡራተሩን ነፋ፤ ካቴናውን አጠበቀ። ከዚያ መፍቻውን እንደያዘ ሞተሩን ዙሪያውን ቃኘው።

«አሁን ደግሞ ማቅለል ነው ዶክተር። የጫነችውን ሁሉ እናራግፍላት።»

ስፔኪዮው ወረደ። የዕቃ መጫኛው ወረደ። የፊት መብራቱ ወረደ። በመጨረሻ መፍቻው ጡሩምባው ላይ አረፈ።

«ኧረ ጡሩምባው ምን አደረገህ?» አለ ውባየሁ።

«ነፋስ ይይዛል።»

«ይቺ እንቁላል የምታህል?»

«ማንን ዞር በል ልትልበት ነው? የቀደምከው ኋላህ ነው፣ የቀደመህ አይኖርም። የወንድ ሞተር ጡሩምባ የለውም!»

ሥራ ፈትቶ የከበባቸው ሁሉ ሳቀ። ውባየሁም ሳቀ። ጡሩምባዋ ከተፈቱት ዕቃዎች ጋር ጆንያ ውስጥ ገባች።

ሚስቱ አለምነሽ ልብስ ሰፊ ናት። ያን ቀን ከሰዓት በረንዳዋ ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ በቀይ ሸሚዝ ጀርባ ላይ የእሽቅድምድሙን ቁጥር ትሰፋ ነበር።

«ውቤ» አለችው ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «የዚያን ዕለት ሜዳውን ማን ነው የሚያስለቅቀው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ገበያተኛውን፣ ከብቱን፣ ልጁን። ማን ነው ዞር በሉ የሚላቸው?»

«ኮሚቴ አለ አይደለም እንዴ?»

«ኮሚቴ እግር አለው? ሜዳው ዳር የሚቆመው ሰውዬ ማን ነው ነው የምልህ። ቸርኬው ይመታል?»

«ቸርኬ ለአውሮፕላን ነው አለሜ።»

«እና የሞተር ጎማ ጥጥ ነው?»

«ኤጭ! አንቺ ደግሞ ነገር ስትፈልጊ!» ብሎ ተነሣ። «አገር ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ሲለኝ የገዛ ቤቴ ያሟርትብኛል።»

አለምነሽ ሸሚዙን አራግፋ እጁ ላይ አኖረችለት። «ይኸው ቁጥርህ። ቁጥር ግን ሰው አያስቆምም። ጡሩምባህንም አስፈታህ አሉ። ስንት ኪሎ ኖሯል ጡሩምባ፣ በሞቴ?»

ተቆጥቶ ወጣ። የተቆጣው ግን እውነቷን ስለሆነ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ ሙሴ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ጎጆአቸው ደጅ ተቀምጠው ጫማቸውን ይጠግኑ ነበር።

«ጋሼ፣ የበዓሉ ዕለት ቸርኬውን ቢመቱልን ብዬ ነበር።»

«አውሮፕላን አለ?»

«የለም፤ ለሞተሩ ነው።»

«አልመታማ!» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይሄ ቸርኬ አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም። ዛሬ ለጨዋታ ብመታው፣ ነገ ሕዝቡ “ኤዲያ፣ ሞተር ነው” ብሎ ቁጭ ይላል። አውሮፕላኑ ሰው ላይ ሲያርፍ ማን ይጠየቃል? ሙሴ! ከበላይ ትእዛዝ አምጣልኝ፤ ክንዴ እስኪዝል እመታልሃለሁ።»

የሽማግሌው ነገር ሚዛን ይደፋ ነበር። ትእዛዝ ማምጣት ደግሞ አስቸጋሪ አልነበረም፤ አንድ ቃል ነው። ውባየሁ ያቺን ቃል ፍለጋ ወደ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ወደ ጓድ ወልደሰማያት ሄደ። ጓድ ወልደሰማያት ሜዳው ዳር የክብር መድረኩን በዘንባባና በቀይ ጨርቅ ያስጌጡ ነበር። ሠራተኞቹና ሌሎቹ ነጂዎች ከበዋቸዋል።

«ጓድ፣ ለጋሼ ሙሴ አንድ ቃል ቢነግሯቸው። ለእሽቅድምድሙ ቸርኬው እንዲመታ፣ ከማዶውም ጫፍ ሰዎች እንዲቆሙ።»

«የምን ቸርኬ? ሕዝቡ እንደሆነ ለሰልፍ ይወጣል። ዳር ይዞ ይቆማል። ማን ነው የሚያቋርጠው?»

«የገበያ ቀን ነው። ከአሪ መንደሮች የሚወርደው ሰው...»

«ስማ ጓድ ውባየሁ» አሉ ዘንባባውን ጣል አድርገው፣ «ፈርተህ ከሆነ በግልጽ ተናገር። ቦታህን የሚመኝ ሞልቷል።»

«ላም ይሻለዋል፤ ላም ቆማ ትከተብለታለች!» አለ አንዱ ነጂ። ሳቁ መድረኩን አናወጠው።

የውባየሁ ጆሮ ጋለ። መልስ ነበረው። «እኔ ለራሴ አይደለም የፈራሁት» ማለት ይችል ነበር። «ትእዛዙ ካልተሰጠ አልነዳም» ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ደረቱን ነፋና «ማን? እኔ ነኝ የምፈራው?» አለ።

«እንግዲያው ሂድና ሞተርህን ወልውል!»

ሄዶም ወለወለ። ነገሩን ዳግም አላነሣውም። ልብ በሉልኝ! አስካል የምትባል የአሪ ገበሬ እግር የተሰበረው በበዓሉ ዕለት ነው ይላሉ። ሐሰት ነው። የተሰበረው እዚያ መድረክ ሥር፣ ያቺ ፈሪ የምትባል ቃል ስትወረወርና ጎልማሳው ሰውዬ እሷን ፈርቶ ዝም ሲል ነው።

የበዓሉ ዕለት ማለዳ ሣሩን ዝናብ አረጠበው። ሰልፉ አለፈ፤ ንግግሩ አለፈ። ድምፅ ማጉያው መዝሙሩን እስከ ተራራው ድረስ ያስተጋባል። ሕዝቡ ከመድረኩ ወዲያና ወዲህ ተጠቅጥቋል፤ የሜዳው ማዶ ጫፍ ግን ባዶውን ነበር። ማንም አልቆመበትም። አራቱ ሞተሮች ጭስ እየተፉ ተሰለፉ። ባንዲራው ወረደ።

ውባየሁ ከመነሻው ቀደመ። ማርሹን ሲቀይር ሞተሯ ቀልላ፣ ሶርሳ እንዳለው በራሪ ሆነች። ጩኸቱ ከኋላው ቀረ። ደስታ ጉሮሮው ድረስ ሞላው። ወደ ማዶው ጫፍ ሲቃረብ አንዲት ሴት የሙዝና የጎደሬ ሸክም በጀርባዋ እንዳዘለች፣ አጎንብሳ፣ ከመንገዱ ወደ ሜዳው ስትገባ አየ።

አውራ ጣቱ ወደ ጡሩምባው ሄደ። የነካው ባዶ ብረት ነው።

ጮኸ። ጩኸቱን መዝሙሩ ዋጠው። ፍሬን ያዘ። እርጥቡ ሣር ጎማውን እንደ ሳሙና አንሸራተተው፤ ሞተሯ በጎኗ ተኝታ እየተንሸራተተች ሄዳ ከሴትዮዋ እግር ጋር ተላተመች። ሙዙ ሜዳው ላይ ተበተነ።

ውባየሁ ክርኑና ጉልበቱ ተልጦ ተነሣ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያው ቃል የሚያሳፍር ነው፤ ቢያሳፍርም መነገር አለበት።

«ዓይን የለሽም እንዴ አንቺ ሴትዮ!»

እየሮጠ የደረሰውም ሕዝብ አጀበው። «ገጠሬ!» «በበዓል ቀን ምን ልታደርግ ገባች?» «ደንቆሮ ናት መሰለኝ!» አንዱ ሞተሯን አቃንቶ መሪው እንዳልተጣመመ ያያል። ሴትዮዋን ያቃና ግን አልነበረም። ጭኗ መገጣጠሚያ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። አልጮኸችም። ዳኛ ፊት እንደ ቆመ ሰው አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየች መለሰች፦

«ቆሜ ሰማሁ። ቸርኬ አልተመታም። እዚያ ጋ ቆሜ ሰማሁ፤ አልተመታም።»

ስድቡ ቀስ በቀስ ከሰመ። ያን ሜዳ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያቋርጥ የኖረ ሰው ሁሉ የምትለውን ያውቃል። ሁሉን በደንቡ አድርጋለች። ቆማለች፤ አዳምጣለች፤ ገብታለች።

«ምን ቆመሃል? ያዝ እንጂ!» የአለምነሽ ድምፅ ነው። ሕዝቡን ገፍታ ደርሳ ነጠላዋን ሸርጣለች፤ የሴትዮዋን ጭን በሁለት እንጨት ደግፋ ታስር ጀመር። «ነግሬህ ነበር» አላለችም። ያን ብትለው ይቀለው ነበር። ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡና ውባየሁ አንዱን ጫፍ ያዘ። በመድረኩ በኩል ሲያልፉ ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ።

«በአንዲት ግለሰብ የጥንቃቄ ጉድለት ምክንያት መጠነኛ መስተጓጎል አጋጥሟል። ውድድሩ ወዲያውኑ ይቀጥላል!»

ውባየሁ የቃሬዛውን እጀታ ለሌላ ሰው ሰጠ። መድረኩ ላይ ወጣ። ጓድ ወልደሰማያት የሚያመሰግናቸው መስሏቸው ይሆናል፣ ማይክሮፎኑን ሲቀበላቸው አልከለከሉትም።

«የማን ጥንቃቄ ነው የጎደለው?» አለ በቁጣ። «እሷ ቆማ አዳምጣለች! ያልመታነው እኛ ነን። ይመታ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ፈሪ ስባል ዝም አልኩ። ሞተሬን አጥቤ፣ ቀብቼ፣ አስውቤ፣ ጡሩምባዋን ፈትቼ ሰው መሐል ለቀቅኳት። ጥፋተኛው እኔ ነኝ! ቀጥሎ እርስዎ ነዎት ጓድ! ቀጥሎ እዚህ ቆማችሁ የሳቃችሁ ሁሉ!»

«ነገ ትጠየቅበታለህ» አሉት ጓድ ወልደሰማያት ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ዛሬ ይጠይቁኝ! እሷን ግን እንዳይጠይቋት!»

ማይክሮፎኑ ተቆረጠ። በዚያን ዕለት ግን አንድም ሞተር አልተነሣም፤ ሦስቱ ነጂዎች ቁጥራቸውን አውልቀው ወደየቤታቸው ሄዱ። ውባየሁም ተጠየቀ። ሞተሩ ተወሰደበት፣ ደረጃው ዝቅ አለ፣ ክትባቱን በእግሩ ይዞ እንዲዞር ተፈረደበት። አላማረረም።

አስካል በጭነት መኪና አርባ ምንጭ ተወሰደች። ጭኗ ገጠመ፤ ግን አጥሮ ገጠመ። በምርኩዝ ተመለሰች። ተራራ ላይ ለሚኖር፣ ቁልቁለት ለሚያርስ ሰው አጭር እግር ምን ማለት እንደሆነ ሜዳ ላይ ቆማችሁ አትገምቱት።

እንግዲህ ሰው ሆይ፣ ለደስታህ ስትዘጋጅ ምኑን ነው የምታዘጋጀው? ጎማውን ነፋህ፣ ዘይቱን ቀየርክ፣ ልብስህን አሰፋህ። በመንገድህ የሚያልፈውን ሰውስ? እሱ ደግሶ አልጠራህም፤ አንተ ነህ መንገዱ ላይ ደግሰህ የመጣኸው። ተጠንቀቅ ብለህ ልትነግረው ግድ ነው። «ይነገረው» ያለውን ሰው ፈሪ የሚል ቢኖር፣ ያ ሰው ጀግና አይደለም፤ በሌላ ሰው አጥንት የሚቆምር ነው። እወቁት።

የማሳ ዝግጅት በደረሰ ጊዜ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ውባየሁ መቆፈሪያ በትከሻው አድርጎ ወደ አስካል መንደር ወጣ። ባሏ ቦሼ ማሳው ዳር ብቻውን ይቆፍር ነበር። አየው፤ ቀና አላለም።

«ሞተርህ የታለ?»

«በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«ምን ፈለግህ?»

«የእሷን ድርሻ ልቆፍር።»

ቦሼ መቆፈሪያውን መሬት ላይ ተከለ። በስተኋላ፣ ከጎጆው ደጅ፣ አስካል ምርኩዟን ተደግፋ ታያቸዋለች።

«ድንጋይ አለው» አለ ቦሼ፣ ማሳውን በአገጩ እያሳየ። «ከዚያ ጀምር። ሁልጊዜ እሑድ ና። ግን ይቅርታ አድርግልኝ እንዳትለኝ። እግሯ ሲረዝም ያን ጊዜ እናወራለን።»

ውባየሁ መቆፈሪያውን ከትከሻው አወረደ። ሸሚዙን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና ድንጋዩ ካለበት በኩል ጀመረ።