ብስክሌተኛውን የሸኘችው ዙለይሃ

ዙለይሃ ሲቨርትን መጀመሪያ ያየችው ግራ ክንዱ በፋሻ ታስሮ፣ እሷ የምትሠራበትን የሴንት ሉዊስ ፓርክ ክሊኒክ በር በትከሻው ሊከፍት ሲታገል ነው። ሮጣ ከፈተችለት።

«ቢያንስ በጤነኛው ትከሻህ አትገፋውም?»

ሳቀ። ሲስቅ አመመው፤ ሕመሙን ሊደብቅ ሲል ደግሞ ፊቱ ቀላ።

ከኖርዌይ የመጣ የሃያ ዓመት ብስክሌተኛ ነበር። በአገሩ ከታዳጊዎች አንደኛ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. የ2006ን በጋ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የሚኒያፖሊስ ቡድን ሊወዳደር ሜፕልዉድ ያለች አክስቱ ቤት አርፏል። ገና ከመጀመሩ ሴንት ፖል ውስጥ ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰበረ።

ዙለይሃ ከደሴ በልጅነቷ የመጣች የነርሲንግ ተማሪ ናት። እንዲፍታታ ክንዱን ይዛ ቀስ እያለች ታነሳዋለች፤ እሱ ጥርሱን ነክሶ መስኮቱን ያያል። እየሰነበተ መስኮቱን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ።

«ስትወድቅ ምን አሰብክ?» አለችው አንድ ቀን።

«እናቴን። ዓሣ ፋብሪካ እየሠራች ነው እዚህ ያደረሰችኝ። ወደቅሁ ብዬ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ።»

ዙለይሃ ክንዱን እንደያዘች ማንሳቱን ረሳች።

ሕክምናው ሲያልቅ ሐይቅ ዳር መገናኘት ለመዱ። እሱ ሐይቁን እየዞረ ይለማመዳል፤ እሷ አግዳሚ ወንበር ላይ መጽሐፏን ከፍታ አንድም መስመር ሳታነብ ትጠብቀዋለች። በጋው ሊያልቅ ሲል «እሑድ መጥቼ አባትሽን ላነጋግር» አላት።

አባቷ ቡርሃን ታክሲ ነጂ ነው። ከሥራ ሲያመጣት መኪናው ውስጥ ነገረችው።

«የማን ልጅ ነው?»

«ኖርዌያዊ ነው፣ አባዬ።»

«ሙስሊም ነው?»

«አይደለም።»

ፍሪድሊ ያለው ቤታቸው ደረሱ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ «ይምጣ» አለ። «ሳልሰማው እምቢ አልልም።»

ቅዳሜ ዕለት ዙለይሃ ይህን ልትነግረው ወደ ሐይቁ እየበረረች ሄደች። ሲቨርት ቀድሞ ተናገረ። ቤልጅየም ካለ ትልቅ ቡድን ተደውሎለታል፤ አንድ ተወዳዳሪ ስለተጎዳባቸው ነገውኑ እንዲበር ይፈልጋሉ።

«እምቢ እላቸዋለሁ። ብስክሌት ቤት ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። ካንቺ ጋ እዚሁ እሆናለሁ።»

ይህን ሲል ብስክሌተኞች በአጠገባቸው ሽው ብለው አለፉ። ዓይኑ ከኋላቸው ሄደ፤ ኩርባው እስኪሰውራቸው ድረስ አልተመለሰም። ዙለይሃ አየችው። የማታውቃት እናቱ ትዝ አለቻት።

«አባትሽ ምን አለ?»

«እምቢ አለ» አለችው። «አትምጣ።»

«ደግሜ ብለምነውስ?»

«አባቴን አታውቀውም። ሂድ፣ ሲቨርት።»

እጇን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ፤ የዚያን ቀን አልጋለበውም።

እሑድ ቡርሃን ከሥራ ቀርቶ፣ ለዒድ ብቻ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ሳምቡሳና ቴምር ተደርድሯል።

«እንግዳሽ ዘገየ?»

«አይመጣም፣ አባዬ።» የዋሸችውን ሁሉ ነገረችው።

«በእኔ ስም?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

አባቷ የሳምቡሳውን ሳህን ገፋ አደረገ። «ልጄን አታርቅብኝ ልለው ነበር» አለ። «እምቢ ልለው አልነበረም።» ስልኩን አወጣ። «ቁጥሩን ንገሪኝ። አሁኑኑ ልደውልለት።»

«ከደወልክለት ይመለሳል።»

«ይመለስ እንጂ!»

«ለዚህ እኮ ነው፣ አባዬ» አለች ዙለይሃ፣ እንባዋ እየወረደ። «ለዚህ ነው የማትደውልለት።»

ቡርሃን ልጁን አያት። ስልኩን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰና ተነስቶ አጠገቧ ተቀመጠ።