አባዬ እንዳይስቅ

የነጂማ አባት ሲስቅ ኮምቦልቻ በሙሉ ይሰማል።

«ካ! ካ! ካ! ካ!»

ሲስቅ ትከሻው ይነቀነቃል። ሆዱም ይነቀነቃል። የሚነዳት ሰማያዊ ባጃጅ እንኳን አብራው ትነቀነቃለች።

ከኋላ የተሳፈሩት ሰዎች ምን እንዳሳቀው አያውቁም። ግን እነሱም ይስቃሉ።

አባዬን ከሰው ሁሉ አብልጣ የምታስቀው ማን ናት? ነጂማ ናት!

አፍንጫዋ ላይ ማንኪያ ታንጠለጥላለች። እንደ ፍየል ታስነጥሳለች። አባዬ ይሄኔ «ካ! ካ! ካ!» ይላል።

አንድ ቀን ግን አባዬ ምሳውን በልቶ ሆዱን ያዘ።

«ውይ! ውይ! እዚህ ጋ!» አለ። ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነበር።

ነጂማ ቶሎ ብላ ማንኪያውን አፍንጫዋ ላይ አንጠለጠለች። አባዬ አልሳቀም።

እማዬ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ነጂማም ተከተለች።

ሐኪሙ ሆዱን በማሽን አየው። «አቶ እንድሪስ» አለ፤ «ጉበትዎ ሥር ሐሞት የምትጠራቀምባት ትንሽ ከረጢት አለች። እሷ ውስጥ ጠጠር ሞልቷል።»

የነጂማ ዓይን ፈጠጠ። «አባዬ፣ ጠጠር በላህ እንዴ?»

«እኔማ የበላሁት ፓስታ ነው!» አለ አባዬ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ጠጠሩ እዚያው ራሱን በራሱ ነው የሚሠራው። ከረጢቷን ከነጠጠሯ እናወጣታለን። ያለሷም ደህና ሆነው ይኖራሉ።»

አባዬን አስተኙት። ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደው። ከረጢቷ ስትወጣ ምንም አልሰማም።

ሲነቃ ሆዱ ላይ ትንንሽ ፕላስተሮች ተለጥፈው አገኘ። ከረጢቷ የለችም። ጠጠሩም የለም።

አባዬ ወደ ቤት ሲመለስ እንደ ኤሊ ነበር የሚራመደው። ቀስ... ቀስ... ቀስ...

«አባዬ መጣ!» ብላ ነጂማ በሩጫ ወጣች።

«ኧረ ቀስ!» አለች እማዬ።

ነጂማ ግን መቆም አቃታት። ምንጣፉ ከእግሯ ሥር ተንሸራተተ። ሸርተት! ከዚያ የልብስ ቅርጫቱ ውስጥ ጢብ!

ብቅ ስትል የእማዬ ሻርፕ ራሷ ላይ ነበር። የአባዬ ካልሲ ደግሞ ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሏል።

አባዬ «ካ!» አለ። ወዲያው ፊቱ ጭምድድ አለ።

«አታስቁኝ! ሆዴን! ሆዴን!»

ነጂማ ደነገጠች። ካልሲውን ከጆሮዋ አወረደች።

እማዬ አባዬን አልጋ ላይ አስተኛችው። ከዚያ ነጂማን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«የአባትሽ ቁስል ገና አልዳነም» አለቻት። «ሲስቅ ሆዱ ይነቀነቃል። ሲነቀነቅ ያመዋል።»

«ይከፈታል?» አለች ነጂማ። ድምፅዋ ቀጠነ።

«አይ፣ አይከፈትም የኔ ቆንጆ። ያመዋል እንጂ።»

ነጂማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እንግዲያው እኔ ከእንግዲህ አላስቅም!» አለች።

ይኼ ግን ለነጂማ ቀላል ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ፊቷን ኮስተር አደረገች። ቅንድቧን ሰበሰበች፣ ከንፈሯን አሞጠሞጠች፣ ጉንጯን ነፋች።

እንደዚያ ሆና ለአባዬ ውሃ ወሰደችለት።

አባዬ አያት። የተነፋ ብርቱካን ነው የምትመስለው!

«ካ! አታስቁኝ! ሆዴን! ሆዴን!»

«እኔ እኮ ተኮሳትሬ ነው!» አለች ነጂማ።

«እሱ ነው እኮ ያሳቀኝ!» አለ አባዬ።

በማግስቱ ነጂማ አፏን በሻርፕ አሰረች። የሚያስቅ ነገር ቢመጣባትም እንዳያመልጣት ነው።

እንደዚያው ሆና ሾርባ አቀረበችለት። «ምምም ምም ምምም?»

«ምን አልሽ?»

«ምምም ምም ምምም!» ሾርባው ትኩስ ነው ማለቷ ነበር።

አባዬ ሾርባውን ፉት አለ። «ኡፍ! ኡፍ! ኡፍ!»

«ምም ምምም!» አለች ነጂማ። ነገርኩህ እኮ ማለቷ ነበር።

አባዬ ምን ይሁን? «ካ! አታስቁኝ! ሆዴን! ሆዴን!»

ከሾርባው በኋላ ጎረቤቶች ጨጨብሳ ላኩ። ቅቤው ከላይ ያብረቀርቃል።

«ሐኪሙ ለጊዜው ቅባት ይቅርበት ብሏል» አለች እማዬ። ሳህኑን አነሳችው።

«ማሽተትስ?» አለ አባዬ።

«ማሽተት ይቻላል።»

አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ። ሆዱ «ጉር! ጉር! ጉር!» አለ። ነጂማ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በሁለት እጇ አፈነች።

ከዚያ እማዬ «በል እንድሪስ፣ ተነስና ትንሽ ተራመድ» አለችው። «ሐኪሙ በየጊዜው ይንቀሳቀስ ብሏል።»

«ነገ» አለ አባዬ።

«ትናንትም ነገ ነው ያልከው።»

«አዎ፣ ያ ነገ ገና አልደረሰም» አለ አባዬ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

ነጂማ አሰበች። አሰበች። ደግማ አሰበች። ሰዎች ፈሪ ሰውን «ሐሞት የለውም» ሲሉ ሰምታለች።

ወደ አባዬ ጆሮ ተጠጋች። «አባዬ፣ ሐሞትህ ስለወጣ ነው እንዴ የፈራኸው?» ብላ ጠየቀችው።

አባዬ ጣሪያውን አየ። ግድግዳውን አየ። ከንፈሩን ነከሰ። አልቻለም!

«ካ! ካ! አታስቁኝ! ሆዴን! ሆዴን!»

በሁለት መዳፉ ሆዱን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ነጂማ እንባውን አየች።

ሄዳ ከመጋረጃው ኋላ ቆመች።

ቤቱ ጭር አለ። ዝንብ ስትበር እንኳን ትሰማለች። ዝዝዝዝ...

«ነጂማ!» አለ አባዬ።

«ነጂማዬ፣ የት ገባሽ?»

«መጋረጃው ጋ ነኝ» አለ መጋረጃው። «እንዳላሳምምህ ብዬ ነው።»

አባዬ ቀስ ብሎ «ሆዴንስ ያመኛል» አለ። «አንቺ ዝም ስትዪ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚያመኝ።»

«የት?»

አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ነጂማ በመጋረጃው ጫፍ አጮልቃ አየችው።

ልክ በዚያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ!

ጋሽ ይመር ነበሩ፣ ጎረቤታቸው። ጋሽ ይመር ረጅም ናቸው። ጢማቸው ነጭ ነው። ፊታቸው ሁልጊዜ ኮስታራ ነው።

በብብታቸው ሥር ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ ይዘዋል።

«አላህ ያሽርህ፣ እንድሬ» አሉ ጋሽ ይመር።

«አሚን፣ ጋሽ ይመር። ይቀመጡ» አለ አባዬ።

«ይህን ዶሮ ለሾርባህ ይዤልህ መጣሁ። ጨዋ ዶሮ ነው። ማንንም አያስቸግርም።»

ጨዋው ዶሮ የታሰረበትን ክር ፈትቶ ጨርሶ ነበር።

ፍርርርር!

ዶሮው ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣ። ከቁም ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ከጠረጴዛው የአባዬ አልጋ ራስጌ ላይ ዘለለ።

«አንተ! ና ውረድ!» አሉ ጋሽ ይመር። ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉ። የያዙት ግን የራሳቸውን ኮፍያ ነው።

ዶሮው አንገቱን አሰገገ። አፉን ወደ አባዬ ጆሮ አስጠጋ።

«ኩኩሉሉሉሉ!»

አባዬ ጉንጩ ተነፋ። ትከሻው መነቅነቅ ጀመረ። ሳቁ እየመጣ ነው!

ነጂማ ከመጋረጃው ኋላ ዘልላ ወጣች። አባዬ ሆዱን በመዳፉ ሲይዝ ትዝ አላት። መዳፍ ትንሽ ነው። ትልቅና ለስላሳ ነገር ያስፈልጋል!

ከራሷ አልጋ ላይ ትራሷን አነሳች። ሮጠች። ሆዱ ላይ አስቀመጠችለት።

«እቀፈው አባዬ! ጥብቅ አድርገህ እቀፈው!»

አባዬ ትራሱን አቀፈ። ሳቁ መጣ።

«ካ! ካ! ካ! አታስቁኝ! ሆ...»

ቆም አለ። ትራሱን አየ። ነጂማን አየ።

«ኧ! እንደ ቅድሙ አላመመኝም እኮ!»

እማዬ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ውይ በሞትኩት! ነርሷ ነግራኝ ነበር እኮ! ሲያስልም ሲስቅም ትራስ ይቀፍ ብላኝ ነበር። ጭራሽ ረሳሁት!»

ይህን ሲያወሩ ዶሮው በተከፈተው በር እልም አለ።

ወዲያው ከግቢው ድምፅ መጣ። ጲጵ! ጲጵ!

«ይኼማ የኔ ባጃጅ ጡሩምባ ነው!» አለ አባዬ። «ማነው ባጃጄን የነካው?»

«ነገ ተነስተህ ታየዋለህ» አለች እማዬ።

«ምን ነገ ነገ ትያለሽ! አሁን ነው እንጂ!»

አባዬ በጎኑ ተገላበጠ። እግሩን ከአልጋው አወረደ። ትራሱን አቅፎ ተነሳ። ቀስ... ቀስ... ቀስ...

ነጂማ በአንድ በኩል፣ እማዬ በሌላ በኩል ያዙት። ጋሽ ይመር ከኋላ ተከተሉ።

ባጃጇ ውስጥ ማን ተቀምጧል? ዶሮው!

የሾፌሩ ወንበር ላይ ደረቱን ነፍቶ ጉብ ብሏል። ጡሩምባውን በመንቆሩ ይጫናል። ጲጵ! ጲጵ!

«ዶሮህ ይኸው» አሉ ጋሽ ይመር ኮስተር ብለው። «ልያዝልህና ለሾርባው ይዘጋጅ።»

«ጋሽ ይመር» አለ አባዬ፣ ትራሱን ጥብቅ አድርጎ፤ «እኔ እዚህ የማየው ሾፌር እንጂ ሾርባ አይደለም!»

ነጂማ በደስታ ዘለለች። ዶሮው ከሾርባ ተረፈ!

በዚህ መሃል በአጥሩ በኩል እማማ ዘሀራ ብቅ አሉ። እማማ ዘሀራ በጣም አርጅተዋል። ዓይናቸው ራቅ ያለውን ነገር አጥርቶ አያይም።

እንድሪስን አዩት። ሽርጥ አገልድሟል። ቀስ ብሎ ይራመዳል። ነጭ ነገር ደረቱ ላይ ታቅፏል።

«እሰይ! እሰይ!» አሉ እማማ ዘሀራ። «እንኳን ማርያም... አይ፣ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ ልጄ! ወንድ ነው ሴት?»



«እማማ፣ ትራስ ነው!» ብላ ጮኸች ነጂማ።

«ትራስ? ስሙ ነው? ደግ ስም ነው፣ ያሳድግላችሁ!»

አባዬ ትራሱን አቀፈ። እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ።

«ካ! ካ! ካ! ካ! ካ!»

ትከሻው ተነቀነቀ። እማዬ ሳቀች፤ ነጂማ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዶሮው «ኩኩሉሉ!» አለ።

ጋሽ ይመር ብቻ አልሳቁም። «ለትራስም ቢሆን ደስ ያለ ስም ይወጣለታል» ብለው ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«አመመህ አባዬ?» አለች ነጂማ።

«ትንሽ» አለ አባዬ። «ግን ደስ የሚል ትንሽ ነው።»

ከዚያ በኋላ አባዬን ተራመድ የሚለው ሰው አላስፈለገም። ትራሱን አቅፎ እስከ በሩ ይሄዳል። ይመለሳል። ደግሞ ዶሮውን ሊያይ ይሄዳል።

ሲመሽ ሩዝና የተቀቀለ ድንች በላ። «ነገስ ጨጨብሳ አሸታለሁ?» አለ።

«ትንሽ ታሸታለህ» አለች እማዬ።

የመኝታ ሰዓት ደረሰ። ነጂማ ጥርሷን ፋቀች፣ የሌሊት ልብሷን ለበሰች። አልጋዋን ስታይ ግን ትራስ የለም።

«አባዬ፣ ትራሴ ካንተ ጋ ነው።»

«ያንን ልጅ እንዳትወስጂብኝ!» አለ አባዬ። «ነይ፣ እዚህ ጎኔ ተኚ። ክንዴ አለልሽ።»

ነጂማ በቀስታ፣ ሆዱን ሳትነካ፣ ከጎኑ ገባች። ክንዱን ተንተራሰች።

«ዛሬ የተረት ተረኛዋ አንቺ ነሽ» አለ አባዬ።

ነጂማ ጀመረች። «አንድ ባጃጅ የሚነዳ ዶሮ ነበረ...»

«እሺ።»

«እና አንድ ቀን... አንዲት ላም... አሳፍረኝ አለችው...»

«እሺ! ከዚያስ?»

«ከዚያ... ላሟ... ወደ ኋላ...»

«ወደ ኋላ ምን? ገባች? ባጃጇ ተሰበረች? ነጂማ! ከዚያስ?»

ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ፍፍፍ... ፍፍፍ... ፍፍፍ...

አባዬ ሳቁን ዋጥ አደረገ። እንዳይቀሰቅሳት ነው።

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዋ ሳበላትና፣ ላሟ የት እንደደረሰች እያሰበ እሱም ተኛ።