ሳይጸነስ የተወለደው አቶም

ከአዋሽ ወዲያ፣ ከመሬት በታች ባለው ላቦራቶሪ አቶም መፍጠር ዳቦ እንደ መጋገር የተለመደ ሥራ ነበር። ችግሩ አዲሱ አቶም ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላው መበታተኑ ነው። የወይዘሮ ዘውድነሽ ሥራም አቶሙ ሲወለድ ቀልቦ የሚይዘውን ስስ ሰሌዳ መጠበቅ ነው፤ «መቅለቢያ» ይሉታል። ሃያ ዓመት ጠብቃዋለች።

ብረትን ካሊፎርኒየም በሚባል ከባድ ንጥረ ነገር ላይ ሲያስወነጭፉ ከርመው፣ ዘንድሮ ሦስት አቶሞች ተያዙ። ቁጥር 124፤ ማንም አይቶት የማያውቅ ንጥረ ነገር። ሊጨፍሩ ሲነሱ ግን መስካሪው እንቢ አለ። መስካሪ የዓለሙን የምርምር መዝገብ ሁሉ የሚያመሳክር፣ ጉቦ የማይበላ፣ ቀልድም የማያውቅ ማሽን ነው። አቶሞቹ የተያዙት የብረቱ ጨረር ከመለቀቁ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ነው አለ፤ ሳይጸነስ የተወለደ ልጅ አመጣችሁ ማለቱ ነው። እስከ ቀትር ማብራሪያ ካልቀረበ ግኝቱ ሐሰት ተብሎ ሊሰረዝ፣ ላቦራቶሪውም ሊዘጋ ሆነ።

ኃላፊዋ ዶክተር ናርዶስ ከማለዳ ጀምራ ቀመር ትደረድራለች። አንዱ ጨረሩን ይጠረጥራል፤ ሌላው ደፈር ብሎ፣ ጊዜ ራሱ ወደ ኋላ ሄዶ ይሆናል ይላል። ዘውድነሽ ግን ስድስት ሰዓት የምትለዋን ስትሰማ ነገሩ ገባት። በጥቅምት መቅለቢያው ተጠግኖ ሲመለስ በውስጡ ያለውን ሰዓት የሞላችው እሷ ናት። ደቂቃውን ከሳተላይት ይወስዳል፤ የሚሞላው ሰዓቱ ብቻ ነው። ያን ጠዋት ባሏ ደውሎ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሲጠይቃት፣ አፏ ሦስት ሲል ጣቷም ሦስት ጻፈ። ማሽኑ የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጁን ዘጠኝ ነው።

ጡረታዋ ሰባት ወር ቀርቶታል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ነጠላዋን አስተካክላ ናርዶስ ፊት ቆመች።

«ዶክተር፣ ጊዜ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ። ሰዓቱን በሀበሻ ሞልቼዋለሁ።»

ናርዶስ ቀመሯን ገፋ አደረገችው። «እትዬ ዘውዴ፣ እኛ እኮ አዲስ የፊዚክስ ሕግ ልናወጣ ነበር።»

መስካሪው ስድስት ሰዓት ጨመረ። ሦስቱም አቶሞች ከጨረሩ ጋር ልክክ አሉ። ዘውድነሽ ቅጣቷን ስትጠብቅ፣ ማሽኑ መዝገቡን ተቀብያለሁ አለ፤ አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱን አስማምቶ ይመጣ ነበር ብሎም ጨመረ። ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ። ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ ያለው ሰውዬ ብቻ ትንሽ ከፋው።

ናርዶስ ለአዲሱ ንጥረ ነገር ስም አውጪለት ብላ ለዘውድነሽ ተወችላት። በእኛ አገር ልጅ ስም የሚወጣለት ወላጆቹ ያዩት ታይቶ ነው። ዘውድነሽም ወጉ እንዳይቀር የንጥረ ነገሮቹን ጭራ ቀጥላ «እፎይየም» አለች።

መስካሪው ግን ጥያቄ ነበረው። «በዚህ ሰዓት በዓለም ላይ አንድም እፎይየም የለም። ስሙ ለማን ነው?»

«ለእኛ ነዋ» አለችው። «እሱማ ቢጠሩት መቼ ዞር ይላል?»

ማሽኑ ይህን የሚያመሳክርበት መዝገብ ፈለገ፤ በዓለም ሁሉ ፈልጎ አጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ነገር በሰው ቃል ብቻ መዘገበ።