የሸርዳ ምሽግ ባለቤት

በዘሐር መንግሥት ጠረፍ ያሉ የውሃ ጉድጓዶች ሁሉ አንድ ጠዋት ጨው ጨው አሉ። ሽማግሌዎቹ ምልክቱን ያውቁታልና ወደ ባሕሩ ዞረው አንገታቸውን ደፉ። የሸርዳ ምሽግ ጠባቂ ሞቷል።

ሸርዳ ከባሕር ወለል በተፈለጠ ነጭ ድንጋይ የታነፀ ነው። ማማው ክብ ነው፤ ከበሩ በላይ የፈላ የቴምር ማር በጠላት ራስ ላይ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ስንት ሠራዊት እዚያ ተቃጥሎ ተመልሷል። ሉጃር የተባለው የባሕር አውሬ ግን በጉልበት አይመጣም። እንደ ጎረቤት ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ደጆች!» የሚል ሰው ካለ፣ ቤቱ ባለቤት አለውና ይመለሳል። መልስ ካጣ ግን ባሕሩን አስከትሎ ይገባል።

ንጉሡ ወታደሮች ላከ። ጥሪውን ሲሰሙ ደንግጠው «ማነው?» አሉ።

«እንግዳ ነኝ» አላቸው ሉጃር።

በዘሐር እንግዳ ደጅ አይቆምም። ልማዳቸው አሸነፋቸውና ከፈቱለት። የምሽጉ የታችኛው አደባባይ ከነሱ ጋር ሰጠመ።

ያኔ ሐውዛን የተባለ ወጣት ጀልባ ሠሪ በንጉሡ ፊት ቆመ። «የሰማይ ጌታ ይስማኝ! ሉጃርን ከሸርዳ ሳልመልስ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም» ሲል ማለ።

እኅቱ ሸምሲት ክንዱን ቆነጠጠችው። «ይሄ አፍህ! በል ተነሥ፣ ቀዛፊ ያስፈልግሃል።»

ማዕበሉ ጀልባቸውን እንደ ገለባ ሲያላጋት ውሎ ምሽጉ ደረሱ። ጠመዝማዛው መወጣጫ ላይ የጠላት ማሳሳቻ በሮች ነበሩ፤ ከፍተው የሚገቡባቸውን ወደ ገደል የሚጥሉ። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ አለፏቸው። ከማማው ላይ አንዲት ምንጣፍ፣ አንድ ዋንጫ፣ የሟቹ ጠባቂ ጉልበት በጸሎት ብዛት ያጎደጎደው ድንጋይ ጠበቃቸው። ሌላ ምንም የለም።

ከታች ድምፅ መጣ፤ ለስላሳ፣ የሰው የመሰለ። «ቤቶች!»

ሸምሲት የወንድሟን አፍ በእጇ ከደነችው። «ተው! የሚመልሰው እኮ ባለቤት ይሆናል። ባለቤቱ ከወጣ ደግሞ ቤቱ ባዶ ነው።»

እጇን ቀስ ብሎ አነሣው። «አውቃለሁ።»

«እኔ ልቅርልህ።»

«አንቺ ልጅ አለሽ፣ እታለም።»

ውሃው ደረጃውን እየበላ ወጣ። ሐውዛን በጎደጎደው ድንጋይ ላይ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ልክ አልገባም። ትንሽ ተቁነጠነጠና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ደጆች!»

ባሕሩ ቆመ። ከዚያ እንደ ተጣጠፈ ጨርቅ ወደ ኋላ ተሰበሰበ። ሐውዛን ከግቢው ጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ለእኅቱ ሰጣት፤ ቀመሰችውና ዓይኗን ጨፈነች። ጨው የለውም።

ጀልባዋ ከግንቡ ስትርቅ ሸምሲት ዞራ ጮኸች። «እማዬን ምን ልበላት? ‹ልጄ መቼ ነው ቤት የሚይዘው› እያለች የምትነዘንዘኝን!»

«ያዘ በያት!»

ትሳቅ ታልቅስ ከማማው ላይ አይሰማም ነበር። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ብቻ አየ፤ መቅዘፏም ሊሆን ይችላል።