ቡልቡላ ያልበቀለው ጦስኝ

ትብለጽ ጦስኙን ከሚደርቅበት ጋዜጣ መሃል አውጥታ ወደ መስኮቱ ስታስጠጋው ደሟ ፈላ። የደረቀው ግንድ ዙሪያውን ሰርጎድ ብሏል፤ የቃጫ እስር ምልክት ነው። ወንዝ ዳር የበቀለን ተክል ማን በቃጫ ያስረዋል? እንዲህ አስረው የሚሸጡት ሾላ ገበያ ነው። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቡልቡላ ወንዝ ዳር፣ ጥቅምት 5 ቀን 1976፣ ሰብሳቢዎች ሙሉና ትብለጽ» ይላል።

ከዚያ አንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ቡልቡላ የወረደችው ትብለጽ ብቻዋን ነበር። ረግረጉ እስከ ጉልበቷ ውጧት፣ አልቅት ተጣብቆባት፣ አስራ አንድ ዓይነት ተክል ለቅማ ተመለሰች። የቡድን ጓደኛዋ ሙሉ በማግስቱ እሑድ ከሰዓት እኔም ወርጄ ነበር ብላ ይህን ጦስኝ ሰጠቻት። ትብለጽም እሰየው ብላ ተቀበለች። ምን ቆርጧት ትጠራጠር!

የባዮሎጂ መምህራቸው ቲቸር እሸቴ የሚያስደርቁትን ተክል ለዩኒቨርሲቲ ነው የሚልኩት። አንድ ቀን በ1950 ዓ.ም. ከቦሌ ሜዳ የተለቀመ ሳር አሳይተዋቸው ነበር። ቦታው ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያ ሆኗል። እዚያ በቅሎ እንደነበር የሚመሰክር ያ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የቦታው ስም ከዋሸ ተክሉ ገለባ ነው ይላሉ፤ አንድ ውሸት የተገኘበት ቡድን ሥራውም በሙሉ ይጣላል፣ የትኛው እውነት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደጋ የሚወደው ጦስኝ ቡልቡላ ተገኘ ብለው በደስታ ካርታቸው ላይ ምልክት አድርገዋል።

ትብለጽ ሙሉን ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ አገኘቻት።

«ሾላ ነው የገዛሽው።»

ሙሉ መጀመሪያ ካደች። የቃጫውን ምልክት ስታይ ግን ተቁለጨለጨች። ያን ቅዳሜ እናቷ የቀበሌ ሱቅ የስኳር ወረፋ አስይዘዋት እስከ ማታ ቆማለች፤ እሑድም ቡልቡላ ሳይሆን ሾላ ነው የሄደችው።

«ምን አለበት? ቅጠል ነው እኮ፣ ፋራ አትሁኚ» አለች። «ደግሞ ከተናገርሽ ያንቺም አስራ አንዱ አብሮ ነው የሚጣለው።»

ትብለጽን ያንገበገባት ይሄ ነው፤ እውነት መሆኑ። ያ ሁሉ ጭቃ፣ ጫማዋን ስላበላሸች እናቷ ያወረዱባት ቁጣ፣ ሁሉም በዚች አንዲት እስር ጦስኝ ሊጣል! ጦስኙን ከነወረቀቱ ቀድዳ መጣል አማራት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ካርታው ላይ ምልክቱ ተደርጓል። ነገ አንዱ ተማሪ ቡልቡላ ወርዶ ጦስኝ ሲፈልግ ይውላል፤ ሲያጣም ጠፋ ብሎ ይጽፋል።

«ወረፋ ላይ ነኝ ብትዪኝ ለሁለታችንም እለቅም ነበር» አለቻት። «እንዴት አትነግሪኝም?»

ትብለጽ ጦስኙን አልቀደደችም። ከአስራ አንዱ ጋር አንድ ላይ አቅፋ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። ሙሉ በስሟ ጠራቻት፤ ዞራ አላየችም።

ቲቸር እሸቴ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ እየጻፉ ነበር። ትብለጽ የተሸከመችውን ሁሉ ፊታቸው አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ ደብዳቤውን ሳይልኩት ይሄን ይዩልኝ» አለች። «አንዱ የሾላ ነው። የእኔም ስም አለበት።»